የሚራመድ ልቅሶ፦ የባኽ «የማቴዎስ ሕማማት» በሁለት ቅጂዎች

በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ስለ መዝሙር የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቃሉ አይደለም፤ ስለ ፍጥነቱ ነው። ሽማግሌዎች የወጣቶቹ መዝሙር ይሮጣል ይላሉ፤ ወጣቶች ደግሞ የሽማግሌዎቹ ይጎተታል ይላሉ። በጋምቤላ ለምናገለግል ነገሩ ሌላ መልክም አለው። በአንዱ እሑድ፣ በአንዲት ከተማ፣ አንዱ አጥቢያ በአማርኛ ከኪቦርድ ጋር ሲዘምር ሌላው በኑዌር ወይም በአኝዋ ቋንቋ ከከበሮ ጋር ይዘምራል። ስለዚህ «ለእግዚአብሔር ቤት የሚገባው የትኛው ፍጥነት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይታወቅ «የማን ዜማ?» ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል።

ተከራካሪዎቹ ግን ሳያውቁት የሚስማሙበት ነገር አለ። ቀስ ያለ መዝሙር አክብሮትና ሐዘን ነው፣ ፈጠን ያለ መዝሙር ደስታ ነው፤ ማይነር ያሳዝናል፣ ሜጀር ደስ ያሰኛል ብለው ሁሉም ያምናሉ። የስቅለት ዕለት መዝሙር ስንመርጥ፣ ለቀብር መዘምራን ስናዘጋጅ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹን «ቀስ አድርገው፣ መንፈሱ እንዲመጣ» ስንል የምንሠራው በዚህ እምነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን እምነት በአንድ ሥራ ልፈትነው እፈልጋለሁ። ሥራው የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ «የማቴዎስ ሕማማት» ነው፤ በተለይም የመክፈቻው የመዘምራን ክፍል። ይህን የመረጥሁት አንድ ዓይነት ኖታ በሁለት እጅግ የተራራቁ ፍጥነቶች ተቀድቶ ስለሚገኝ፣ ፍጥነት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በጆሯችን ልንለይ ስለምንችል ነው። ሁለቱም ቅጂዎች ኢንተርኔት ባለበት በስልክ ሊደመጡ ይችላሉ። ጽሑፉን ከማድመጥ ጋር ብታነቡት ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ለአምልኮ የተጻፈ ሥራ

ባኽ (እ.ኤ.አ. 1685–1750) በጀርመን በላይፕሲግ ከተማ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ኃላፊ ነበር። «የማቴዎስ ሕማማት» ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1727 የስቅለት ዕለት በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ዛሬ አብዛኞቹ አጥኚዎች ይስማማሉ። በ1736 ባኽ ሥራውን አሻሽሎ በጥንቃቄ በንጹሕ ገለበጠው። በዚያ ግልባጭ የወንጌሉን ቃል በቀይ ቀለም ጻፈ፤ የአገራችን የብራና ጸሐፊዎች የከበረውን ስም በቀይ እንደሚለዩት ማለት ነው። ሥራው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26ንና 27ን እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ትረካውን የሚያዜመው ድምፀ ቀጭን ወንድ ዘማሪ «ወንጌላዊ» ተብሎ ይጠራል። በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ይህ ስም የአገልግሎት ስም ነውና ወንጌላውያኖቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ ሥራው ግን በእውነት የእነርሱ ነው፦ ቃሉን ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ ለሕዝብ ማድረስ።

ለሰባኪ የሚጠቅም ሌላ ነገር ልጨምር። ይህ ሥራ የተጻፈው ለኮንሰርት አዳራሽ ሳይሆን ለስቅለት ዕለት የማታ አምልኮ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ በሁለቱ መካከል ስብከት ነበረ። የመጀመሪያው ክፍል ጌታ ተይዞ ደቀ መዛሙርቱ ሲሸሹ ያበቃል፤ ከዚያ ሰባኪው ይነሣል። ጉባኤው ሁሉ ሸሽቶ ባለበት ሰዓት መስበክ ምን እንደሚመስል አስቡት።

የመክፈቻው ክፍል እንዲህ ይሠራል። ሁለት የመዘምራን ቡድኖች፣ ሁለት ኦርኬስትራዎች አሉ። የመጀመሪያው ቡድን የጽዮንን ልጆች አብረው እንዲያለቅሱ፣ ሙሽራውን እንዲያዩ ይጠራል። ሁለተኛው ቡድን ማንን እንደሚያዩ፣ እንዴት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚመለከቱ እያቋረጠ ይጠይቃል። ከሁለቱም በላይ ሦስተኛ ድምፅ ይገባል፤ ጀርመናውያን ምእመናን በቃላቸው የሚያውቁት፣ ስለ ንጹሑ የእግዚአብሔር በግ የሚናገር የቆየ መዝሙር ነው። በዛሬ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ ሕፃናት ይዘምሩታል። ከሁሉ በታች ደግሞ ቤዙ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ባሮች አንዱን ድምፅ ብቻ፣ ረዥምና አጭር፣ ረዥምና አጭር እያደረገ ይመታል። ምቱ 12/8 ነው፤ የአገራችን ዘፈንም መዝሙርም ብዙ ጊዜ የሚሄድበት የ6/8 የቅርብ ዘመድ።

ፍጥነቱን በተመለከተ ባኽ በዚህ ክፍል ላይ ምንም አልጻፈም። የምት መቁጠሪያው መሣሪያ፣ ሜትሮኖም፣ የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1815 ነው፤ ባኽ ከሞተ ከ65 ዓመት በኋላ። ስለዚህ እያንዳንዱ መሪ መወሰን አለበት፤ ሲወስንም ሐዘን ምን እንደ ሆነ ያለውን አሳብ ይገልጣል።

ሁለት ፍጥነቶች

የመጀመሪያው ቅጂ የኦቶ ክሌምፐረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እና 1961 በለንደን ከፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራና መዘምራን ጋር ተቀዳ፤ ወንጌላዊው ፒተር ፒርስ፣ የጌታን ቃል የሚያዜመው ዲትሪሽ ፊሸር ዲስካው ነው። የመክፈቻው ክፍል 12 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሁለተኛው የጆን ኤልየት ጋርዲነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሞንቴቨርዲ መዘምራንና በባኽ ዘመን ዓይነት መሣሪያዎች ከሚጫወተው የእንግሊዝ ባሮክ ሶሎይስቶች ኦርኬስትራ ጋር ተቀዳ። ይኸው ክፍል 7 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ልዩነቱን በእኛ ሥራ ለመለካት፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ስብከታችሁ አንድም ቃል ሳይጨመርበት 50 ደቂቃ ሲሆን አስቡ።

ክሌምፐረርን በችኮላ መፍረድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1885 ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የተሰደደ፣ ከከባድ የአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ ከፊል ሰውነቱ የሰነፈበት ሰው ነው። ይህን ሲቀዳ 75 ዓመት አልፎታል። የዝግታው ምንጭ ስንፍና ወይም ማስመሰል አይደለም። በእርሱ እጅ ቤዙ ከባድ ድንጋይ እንደሚገፋ ሰው ይሄዳል፤ የመዘምራኑ ድምፅ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ይህ አያያዝ ታሪክም አለው። ባኽ ከሞተ በኋላ ሥራው ለረዥም ጊዜ ሳይሰማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1829 የ20 ዓመቱ ፌሊክስ ሜንደልሶን በበርሊን ከመቶ በሚበልጡ ዘማሪዎች አሰማው። ከዚያ ወዲህ ታላቅ ሥራ በታላቅ መዘምራን፣ በታላቅ ዝግታ መዘመር አለበት የሚል ልማድ ሥር ሰደደ። ክሌምፐረር የዚያ ልማድ የመጨረሻው ትልቅ ምስክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚያጣው ነገር ግን አለ፤ ይህንንም በእግር መፈተን ይቻላል። ክፍሉ 90 ባሮች፣ በእያንዳንዱ ባር አራት ምቶች አሉት፤ በጠቅላላው 360 ምት። በጋርዲነር ፍጥነት በደቂቃ ወደ 51 ምት ይሆናል። በክሌምፐረር ፍጥነት ወደ 30። አሁን ተነሡና በክፍላችሁ ውስጥ ከጋርዲነር ቅጂ ጋር በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ተራመዱ። አስከሬን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አካሄድ ይወጣችኋል፤ ዝግ ያለ፣ ነገር ግን ወደ ፊት የሚሄድ። ከክሌምፐረር ጋር ሞክሩት። አንድ እግራችሁን አንሥታችሁ ምቱን ስትጠብቁ ሚዛናችሁን ትስታላችሁ። በዚያ ፍጥነት ሰው ሊቆም ይችላል፣ ሊንበረከክም ይችላል፤ ሊራመድ ግን አይችልም።

ፍጥነቱ በጥያቄዎቹ ላይ የሚያደርገውም አለ። በክሌምፐረር የሁለተኛው ቡድን ጥያቄ ብቻውን የቆመ ጩኸት ነው፤ ይሰማል፣ ይከብዳል፣ የመጀመሪያውን ቡድን ግን አያቋርጥም። በጋርዲነር ጥያቄው በጥሪው መካከል ይገባል፤ ከሰልፉ ዳር ቆሞ ከፊቱ የሚያልፈውን ሰው እጅጌውን ይዞ «ምንድን ነው የሆነው?» እንደሚል መንገደኛ። ሙዚቃው አይቆምለትም፤ መልስ የሚፈልግ አብሮ መሄድ አለበት። ለእኔ የክፍሉ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፣ ጋርዲነርንም የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋርዲነርም ነቀፋ አያጣም። መዘምራኑ እጅግ የሠለጠኑ ናቸው፤ እያንዳንዱ ተነባቢ ፊደል እንደ ቢላዋ የተሳለ ነው። አንዳንዴ ያዘኑ ሰዎችን ሳይሆን ሐዘንን በሚገባ የተለማመዱ ሰዎችን የምሰማ ይመስለኛል። የበጉም መዝሙር በዚያ ፍጥነት ሲያልፍ ጆሮ ሳይይዘው ሊያመልጥ ይችላል፤ ክሌምፐረር ጋ ግን እያንዳንዱ ሐረጉ እንደ ሐውልት ይቆማል። ኅብረቱን ከፈለጋችሁ ጋርዲነርን፣ ሸክሙን ከፈለጋችሁ ክሌምፐረርን አድምጡ።

አንድ ተግባራዊ ምክር። በስልክ ድምፅ ማጉያ ብቻ አትስሙ። የስልክ ማጉያ ቤዙን አያወጣውም፤ ቤዙ ከሌለ ደግሞ እርምጃው የለም፤ የሚቀረው ከላይ ያለው ለቅሶ ብቻ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ወይም በቤተ ክርስቲያናችሁ ስፒከር ስሙት።

ኪይ እና ስሜት

የመክፈቻው ክፍል በኢ ማይነር ነው። ማይነር ስለ ሆነ ያሳዝናል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የዘመኑ ሰዎች ግን እንዲህ በጅምላ አልተናገሩም። የባኽ ዘመነኛ የነበረው ዮሐን ማቴሰን እ.ኤ.አ. በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ የየኪዩን ጠባይ ዘርዝሯል። ኢ ማይነርን የገለጸው በጥልቅ የሚያስብ፣ ያዘነ፣ ነገር ግን መጽናናትን ተስፋ የሚያደርግ አድርጎ ነው። ለጉዳያችን የሚያስፈልግ ሌላ ነገርም አክሏል፤ በዚህ ኪይ ፈጠን ያለ ነገር ሊጻፍ ይችላል፣ ስለ ፈጠነ ብቻ ግን ደስታ አይሆንም ይላል። ፍጥነትና ስሜት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ያወቀ ሰው ነበር።

ኪይም ራሱ እንደምናስበው የተቸነከረ አይደለም። ጋርዲነር የሚጠቀመው የድሮ ማስተካከያ ከዛሬው በግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል፤ በኪቦርዳችሁ ብትከተሉት ወረቀቱ ኢ ማይነር እያለ ጆሯችሁ ኢ ፍላት ማይነር ያገኛል። ትራንስፖዝ ቁልፉን እየተጫነ ለዘማሪው ኪይ የሚያወርድ ኪቦርድ ተጫዋች ይህ አይደንቀውም። ስሜቱ ያለው በአንድ ድምፅ ከፍታ ውስጥ ሳይሆን ድምፆቹ እርስ በርስ ባላቸው ዝምድና ውስጥ ነው።

የዚህ ክፍል ትልቁ ነገርም ዝምድና ነው። ሁለቱ ቡድኖች በኢ ማይነር እያለቀሱ፣ በላያቸው የሚገባው የበጉ መዝሙር በጂ ሜጀር ነው። ኢ ማይነርና ጂ ሜጀር የሚጠቀሙባቸው ድምፆች አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት ቤታቸው በሚሉትና በሚያርፉበት ድምፅ ነው። ባኽ ሐዘኑ ካለቀ በኋላ ደስታን አላመጣም፤ ሐዘኑ ሳይቋረጥ፣ በዚያው ሐዘን ድምፆች ላይ ሌላ ቤት ሠራ። ክፍሉ ሲዘጋም የመጨረሻው ድምፅ ኢ ሜጀር ነው፤ አንዲት ኖታ በግማሽ ድምፅ ከፍ ትላለች፣ ያ ብቻ ነው። ይህን የመስቀል ነገረ መለኮት ብዬ ልጥራው፤ ጸጋው የሚመጣው መከራውን ዘሎ አይደለም፣ በመከራው ውስጥ ነው።

ለአምልኮ መሪዎች ይህ ከባድ ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ ፕሮግራም ስናወጣ ስሜትን በተራ እንደረድራለን፤ ሁለት ቀስ ያሉ መዝሙሮች፣ ከዚያ ሦስት ፈጠን ያሉ፤ ያዘነው ሰው በአራተኛው መዝሙር ላይ አዝኖ ከተገኘ የእምነት ጉድለት ያለበት ይመስለዋል። ባኽ ግን ያዘነውን ሰው አላስቸኮለውም፤ ብቻውንም አልተወውም።

ክብደት እና ዝግታ

በጋምቤላ ያለችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ውርስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በባሮ ወንዝ አካባቢ በአኝዋ መካከል አገልግሎት ጀመሩ፤ ከዚህ አገልግሎት ጋር የተያያዘችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከሉተራኗ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር የካልቪንም የሉተርም ልጆች አለን፤ ሁለቱ አባቶች ደግሞ ስለ ዜማ የተናገሩት አንድ ዓይነት አይደለም። ሉተር ሙዚቃን ከነገረ መለኮት ቀጥሎ አስቀመጠው። ካልቪን ጆሮ በዜማው ሲማረክ ልብ ቃሉን እንዳይስት ያስጠነቅቃል፤ በቤተ ክርስቲያን የሚዘመር ዜማ ክብደትና ግርማ ሊኖረው ይገባልም ይላል። ከእርሱ በፊት አውግስጢኖስ በኑዛዜው አሥረኛ መጽሐፍ ይህንኑ ፍርሃት ገልጿል።

ካልቪን የጠየቀው ክብደትን ነው፤ ክብደት ደግሞ ዝግታ አይደለም። በእርሱ ዘመን የጄኔቫ መዝሙራት ረዥምና አጭር ድምፆችን እያፈራረቁ የሚሄዱ፣ ሕያው ምት የነበራቸው ናቸው። ሁሉም ድምፅ እኩል ረዝሞ መጎተት የተለመደው ኋላ በተከታዮቹ ዘንድ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ያወረሱን መስሎን የምንጠብቀው ዝግታ አንዳንዱ ከእነርሱ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ክሌምፐረር ክብደትን የሚያገኘው በዝግታ ነው፤ ጋርዲነር የሚያገኘው በማይቋረጥ ምት ነው። ሁለተኛው መንገድ ለጋምቤላ ሰው እንግዳ አይደለም። በገና ሰሞን ምእመናን በከበሮ፣ ሰንደቅ ይዘው፣ በሰልፍ እየዘመሩ ሲሄዱ ያየ ሁሉ ሰውን የሚያስተባብረው ምት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያውቃል።

አንዳንድ አገልጋዮች ከበሮ በሐዘን ጊዜ ሲመታ የቀድሞውን የልቅሶ ሥርዓት ያስታውሳል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱን አላቃልለውም፤ ከየት እንደ መጣን ማወቅ የእረኛ ሥራ ነው። ነገር ግን ባኽም የመንደሩንና የቤተ መንግሥቱን የጭፈራ ምት አልሸሸም። የመክፈቻው ክፍል ውዝዋዜ ያለው 12/8 ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሳራባንድ የሚባለውን ዝግ ያለ ጭፈራ የሚመስል ባለ ሦስት ምት ነው። የተቀበረው ጌታ በጭፈራ ምት ተለቀሰለት፤ የላይፕሲግ ጉባኤም የሚያመልከውን አልሳተም። ምትን የሚቀድሰው የሚያገለግለው ቃል ነው።

የአበኔር ቀብር

እስካሁን ስለ ሙዚቃ ተናገርሁ፤ በዚህ ክርክር የሚያሳስበኝ ግን ከሙዚቃ በላይ ነው። ሉቃስ ምዕራፍ 23 ጌታን እያለቀሱ የተከተሉትን ሴቶች ይነግረናል፤ ልቅሷቸው የሚራመድ ልቅሶ ነበር። ከዚያ በፊት 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 አለ። አበኔር አሣሄልን በጦርነት ገደለ፤ የአሣሄል ወንድም ኢዮአብ ደሙን ለመበቀል አበኔርን በኬብሮን በር ገደለው። ዳዊት ኢዮአብንና አብሮት ያለውን ሕዝብ ልብሳቸውን ቀደው፣ ማቅ ለብሰው በአበኔር ፊት እንዲያለቅሱ አዘዘ፤ ራሱም ቃሬዛውን ተከተለ። ገዳዩን በሟቹ ቀብር ሰልፍ ውስጥ አስገባው። ከዚያም ቅኔ ሙሾውን አወጣ፤ ሕዝቡም ሁሉ ደግሞ አለቀሰ።

ይህን ታሪክ በጋምቤላ ለሚሰብክ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በከተማችን የፈሰሰው የአኝዋ ደም፣ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር መንደሮች ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከመቶ በላይ ሕፃናትን የወሰዱበት ቀን፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በከተማዋ ውስጥ የተደረገው ውጊያና በእርሱ ሳቢያ ያለቁት ሰላማዊ ሰዎች፤ እነዚህን ሁሉ ምእመናኖቻችን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ከእያንዳንዱ በኋላ በአንዱ ጉባኤ ውስጥ ሁለት ቡድን ይኖራል፤ የሚያለቅስና «በማን ላይ ምን ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ። የሚያለቅሰው ጠያቂውን እንደ ባዕድ ያየዋል። ጠያቂውም ልቅሶውን እንደ ክስ ይሰማዋል። ሁለቱ በየቋንቋቸው ለየብቻ ሲያለቅሱ ሐዘኑ ይቀድሳቸዋል ማለት ያስቸግራል፤ ለሚቀጥለው በቀል ማገዶ ሊሆን ይችላል።

ባኽ መክፈቻውን በሁለት ቡድን ያደረገው በዚህ ዓይን ሲታይ ይገባናል። ሁለተኛው ቡድን ስለ ጠየቀ አልተባረረም፤ ጥያቄው የዜማው ክፍል ሆነ። ቀስ በቀስም ሁለቱ አብረው መዘመር ይጀምራሉ። ሁለቱንም በላያቸው የሚያገናኛቸው የአንዱ ወገን የሐዘን መዝሙር ሳይሆን የበጉ መዝሙር ነው፤ ያለ በደሉ የታረደው፣ ለገዳይም ለተገዳይም። ይህን የሚያስችለው ፍጥነቱ ነው። ልቅሶው እጅግ ከዘገየ ያዘነው ብቻ ይሸከመዋል፣ ሌላው ቆሞ ይመለከታል። እጅግ ከፈጠነ ያዘነው ወደ ኋላ ይቀራል። የአበኔር ቀብር ግን ንጉሡም፣ ወንጀለኛውም፣ ሕዝቡም አብረው ሊራመዱ በሚችሉት ፍጥነት መሄድ ነበረበት።

ለስቅለት ዕለት

ጋምቤላ ባኽን ያስፈልጋታል እያልሁ አይደለም። የጀርመንኛ ኦራቶሪዮ በአጥቢያችን እንዲዘመር የሚመክር ሰው ብታገኙ አትስሙት። ባኽ ያደረገውን በራሳችን እጅ ብናደርገው ግን እንጠቀማለን፤ የሚያስፈልገውም ሁሉ አለን። ወንጌላዊ አለን፤ ማቴዎስ 26ንና 27ን ሳያሳጥር ያንብብ። በአማርኛ፣ በአኝዋ፣ በኑዌርና በመዠንግር ቋንቋ የሚዘምሩ መዘምራን አሉን፤ በአንድ ስቅለት፣ በአንድ ስፍራ፣ ንባቡ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ እየተቀባበሉ ይዘምሩ። ከበሮ አለን፤ የቤዙን ሥራ ይሥራ፣ ሰው ሊራመድበት በሚችል ምት። ስብከቱ በመካከል ይሁን፤ ደቀ መዛሙርቱ ሲሸሹ። መዝሙር ስትመርጡም «ያሳዝናል ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «ያዘነውና ያላዘነው አብረው ሊሄዱበት ይችላሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ፈተና ግን ይጠብቃችኋል፤ ወደ ትንሣኤው መቸኮል። ባኽ በዚያ ዓርብ አልቸኮለም። ሥራው የሚያበቃው በሲ ማይነር፣ በመቃብሩ ዙሪያ ተቀምጠው በሚያለቅሱ ሰዎች ነው። በመጨረሻው ባር ላይ እንኳ ዋሽንቶቹ ከታች ካለው ጋር የሚጋጭ አንድ ድምፅ ይይዛሉ፤ ጆሮን ይቆረቁራል፣ ከዚያ ብቻ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሃሌ ሉያ የለም። መዝሙር 88 በጨለማ እንደሚያልቅ፣ ይህም ድንጋዩ በመቃብሩ ደጃፍ እንዳለ ያልቃል። እሑድ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ በመዝሙር ፍጥነት ልናመጣው አንችልም። ልጇ ያልተመለሰላት እናት በጉባኤያችሁ መካከል ተቀምጣ እንደ ሆነ አስቡና፣ የዓርቡን የመጨረሻ መዝሙር እርስዋ ልትከተለው በምትችለው ፍጥነት አስጀምሩት።